ጆን ቲንዳል

ጆን ቲንዳል (ኦገስት 2 ቀን 1820 – ዲሴምበር 4 ቀን 1893 እ.ኤ.አ.) አየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራ የፊዚክስ ሊቅ፣ መምህርና ተራራ ወጪ ነበር። ጋዞች ሙቀትን እንዴት እንደሚውጡ በመለካት፣ ብርሃን በጥቃቅን ብናኞች ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚበተን በማጥናትና በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ተሕዋስያን መረቅን እንደሚያበላሹ በሙከራ በማሳየት ይታወቃል። ብርሃን በብናኞች ላይ ሲበተን የሚታየው ሁኔታ በስሙ «የቲንዳል ክስተት» ይባላል። ዛሬ በመድኃኒት ፋብሪካዎች የክፍሉም ሆነ የታመቀው አየር ንጽሕና የሚፈተሸው በዋናነት እሱ በተከተላቸው ሁለት መንገዶች ነው፤ አንደኛው በብርሃን ማየት፣ ሁለተኛው ተሕዋስያንን አብቅሎ ማየት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያ ሥራ

ቲንዳል የተወለደው በካርሎው አውራጃ ሌይሊንብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ፖሊስ ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም ባይሆንም ልጁን እስከ ጉርምስናው መጨረሻ በትምህርት ቤት አቆይቶታል፤ በዚያም ሒሳብና የመሬት ቅየሳ በሚገባ ተማረ። በ1839 በአየርላንድ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ በ1842 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተዛወረ። በማግሥቱ ዓመት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከባልደረቦቹ ጋር አቤቱታ በማቅረቡ ከሥራ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የባቡር ሐዲድ በየአቅጣጫው ይዘረጋ ስለነበር ለጥቂት ዓመታት በቀያሽነት ኖረ።

በ1847 በሃምፕሺር በሚገኘው ኩዊንዉድ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ። እዚያ ከኬሚስቱ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ጋር ተዋወቀ። በ1848 ሁለቱም ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ማርቡርግ ሄዱ። ቲንዳል ወጪውን የሸፈነው ከባቡር ሐዲድ ሥራ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ከታዋቂው ሮበርት ቡንሰን ዘንድ ተምሮ በ1850 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በ1852 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1853 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ። ያን ጊዜ በዚያ ይሠራ የነበረው ማይክል ፋራዴይ ሲሞት በ1867 የተቋሙን ኃላፊነት ወረሰ፤ እስከ 1887ም በዚያው ቆየ። እዚያ ለሕዝብ የሚሰጣቸው ትምህርቶች በሙከራ የታጀቡ ስለነበሩ ዝናው ከሳይንስ ሰዎች አልፎ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ተሰማ። በ1872 እና በ1873 በአሜሪካ ዞሮ አስተምሮ ያገኘውን ገቢ እዚያው አገር ለሳይንስ ተማሪዎች መርጃ ሰጠ።

ሙቀትና ጋዞች

ቲንዳል ከ1859 ጀምሮ የተለያዩ ጋዞች የሙቀት ጨረርን ምን ያህል እንደሚውጡ ለካ። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጨረሩን ከሞላ ጎደል ሲያሳልፉ፣ የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በብርቱ እንደሚውጡ አሳየ። ከእሱ በፊት አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጠርሙስ በፀሐይ ይበልጥ እንደሚሞቅ ጽፋ ነበር። የቲንዳል መለኪያ ጨረሩን ከፀሐይ ብርሃን ለይቶ የሚያሳይ ስለነበር የምድርን አየር ንብረት ለማጥናት መሠረት ሆነ።

በ1863 ባሳተመው የሙቀት መጽሐፍ ስለ ታመቀ አየርም አስተምሯል። አየር በኃይል ሲታመቅ ይሞቃል፤ ከታመቀበት ዕቃ በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጡ ያለው የውኃ ተን ወደ ጭጋግ ይለወጣል። ይህ በትምህርት አዳራሽ የታየ ሙከራ በኋላ ዘመን ለኮምፕሬሰር ሠራተኞች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆኗል። ታምቆ የሞቀ አየር በቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውኃ ያወርዳልና አየሩ ካልደረቀ ውኃው ቧንቧውን ያዝጋል፣ ለተሕዋስያንም መራቢያ ይሆናል።

በብርሃን የታየው አቧራ

ወደ አየር ንጽሕና ጥናት ያስገባው ሕክምና ሳይሆን የራሱ ሙከራ መበላሸት ነው። የጋዞችን ጠባይ ለማጥናት በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ብርቱ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ቱቦው ባዶ ሲመስል እንኳ ጨረሩ የሚታይ መስመር ሆኖ ያበራ ነበር። ያበራው አየሩ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ የተንሳፈፈው አቧራ ነው። በሣር ክዳን ቤት ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኝ ሲጨፍር የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከጨረሩ ውጭ ያለው አየርም ያንኑ ያህል ብናኝ ይዟል፤ ልዩነቱ ዓይን አለማየቱ ብቻ ነው።

ቲንዳል አየሩን በአሲድና በፖታሽ ቢያጥበው ብናኙ አልጠፋም። በመንፈስ መብራት ነበልባል ላይ ቢያሳልፈው ግን ጠፋ። ስለዚህ ከብናኙ አብዛኛው የሚቃጠል፣ ከሕያዋን የመጣ ነገር መሆኑን ተረዳ። በጥጥ ውስጥ የተጣራ አየርም እንዲሁ በብርሃኑ መንገድ ላይ ጥቁር ሆኖ ታየ። ትንፋሽን በጨረሩ ውስጥ ሲለቅም በመጀመሪያ ብናኝ ይታያል፤ ከሳንባ ጥልቀት የሚወጣው የመጨረሻው ትንፋሽ ግን ጥቁር ነው፤ ብናኙ በሳንባ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

በጃንዋሪ 1870 አቧራና በሽታ በሚል ርእስ ባቀረበው ንግግር ይህን ለሕዝብ አሳየ፤ የሉዊ ፓስተርንና የጆሴፍ ሊስተርንም ሥራ ደገፈ። የፊዚክስ ሰው በሕክምና ጉዳይ መግባቱ ያላስደሰታቸው ሐኪሞች ተቃወሙት። እሱ ግን ሥራውን ቀጥሎ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሆን የመተንፈሻ ጭንብል ሠራ። ጭንብሉ ጢስን የሚይዝ በግሊሰሪን የራሰ ጥጥና ጎጂ ጋዝን የሚውጥ ከሰል በየተራ የተደረደሩበት ነበር።

የታሸገው ሳጥን

በዚያን ዘመን ሕይወት ከሕይወት አልባ ነገር በራሱ ይፈጠራል የሚሉ ሊቃውንት ገና ነበሩ። በእንግሊዝ የዚህ አሳብ ብርቱ ጠበቃ ሐኪሙ ሄንሪ ቻርልተን ባስቲያን ነበር። ክርክሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አልነበረም። ተሕዋስያን በቁስል ውስጥ በራሳቸው የሚፈጠሩ ከሆነ ሐኪም እጁን፣ ዕቃውንና አየሩን ማጽዳቱ ከንቱ ይሆናል። ከውጭ የሚገቡ ከሆኑ ግን መከላከል ይቻላል።

ቲንዳል በ1875 እና በ1876 ፊቱ መስተዋት የሆነ፣ በጎንና በጎኑ መስኮት ያለው የእንጨት ሳጥን ሠራ። የሚወርደውን ብናኝ እንዲይዝ ውስጡን ግሊሰሪን ቀባው። ሳጥኑ ተዘግቶ ለጥቂት ቀናት ከተቀመጠ በኋላ በመስኮቶቹ በኩል ብርሃን አሳለፈ። በሳጥኑ ውስጥ ጨረሩ ፈጽሞ ካልታየ አየሩ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ በሳጥኑ ወለል ላይ ወደ ተተከሉት የመስተዋት ቱቦዎች የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት መረቅ እየጨመረ ከሥር አፈላው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው መረቅ ለወራት ጠርቶ ቆየ። ከሳጥኑ ውጭ ለተራ አየር የተጋለጠው ግን በጥቂት ቀናት ደፈረሰ፣ ሸተተም።

የሙከራው ብልሃት ሁለት ምስክሮችን ማቆሙ ነው። ብርሃኑ በአየሩ ውስጥ ብናኝ እንደሌለ ይመሰክራል፤ መረቁ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር እንዳልገባ ይመሰክራል። ሁለቱ ሲስማሙ ነው ውጤቱ የሚታመነው። በዚሁ ጊዜ ቲንዳል ፔኒሲሊየም የተባለው ሻጋታ በደንብ በበቀለበት ቱቦ ባክቴሪያዎች እንደሚሸነፉ ተመልክቶ ጽፏል፤ ነገር ግን ከዚያ መድኃኒት ሊወጣ እንደሚችል አላሰበም።

የድርቆሹ ችግር

በ1876 መጨረሻ ግን ያው ሙከራ እምቢ አለው። ቀድሞ በአምስት ደቂቃ ፍል ንጹሕ ይሆን የነበረ መረቅ አሁን ብዙ ጊዜ ፈልቶም ደፈረሰ። ለተቃዋሚዎቹ ይህ ትልቅ ማስረጃ ሊሆን ይችል ነበር። ቲንዳል ምክንያቱን ሲከታተል ወደ ላቦራቶሪው ያስገባው አሮጌ ድርቆሽ ላይ ደረሰ። ከድርቆሹ የተነሣው ብናኝ ክፍሉን ሁሉ በክሎት ነበር። በ1877 ሙከራውን ከለንደን መሃል አውጥቶ ኪው በሚገኘው የእጽዋት ሥፍራ ወዳለ ላቦራቶሪ ወሰደው፤ እዚያም መረቁ እንደ ቀድሞው ጠርቶ ቆየ።

የድርቆሽ ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ስፖር የሚባል ጠንካራ አካል እንዳለው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን በ1876 አሳይቶ ነበር። ስፖሩ ለብዙ ሰዓት የፈላ ውኃን ይቋቋማል። ቲንዳል ያገኘው መላ ቀላል ነው። መረቁን ለአጭር ጊዜ ያፈላዋል፤ ከዚያ ስፖሮቹ እስኪበቅሉ ትቶ ይጠብቃል። የበቀለው ባክቴሪያ እንደ ስፖሩ ጠንካራ ስላልሆነ በሁለተኛው ፍል ይሞታል። ይህን ደጋግሞ ሲያደርግ በድምሩ የጥቂት ደቂቃ ፍል የብዙ ሰዓት ፍል ያልቻለውን ሠራ። ዘዴው በስሙ ቲንዳላይዜሽን ተባለ፤ በግፊት የሚሠራው አውቶክሌቭ እስኪስፋፋም በየላቦራቶሪው አገልግሏል።

የተራራው ሙከራና የደጋ አየር

ቲንዳል የበረዶ ግግሮችን ለማጥናት ከ1856 ጀምሮ ወደ ስዊዘርላንድ ይመላለስ ነበር፤ በኦገስት 1861 ቫይስሆርን የተባለውን ተራራ ጫፍ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በ1877 ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ቤልአልፕ የታሸጉ የመረቅ ጠርሙሶች ይዞ ወጣ። 23ቱን በድርቆሽ ማከማቻ ውስጥ፣ 27ቱን ደግሞ ንፋስ በሚነፍስበት ገደል አፋፍ ላይ ከፈታቸው። ከዚያም ሁሉንም ሙቀት ባለበት ኩሽና አቆያቸው። በድርቆሽ ቤት ከተከፈቱት 21ዱ ተበላሹ፤ በገደሉ አፋፍ ከተከፈቱት አንድም አልተበላሸም። ተራራው ያው ነው፤ ከፍታው ያው ነው፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀትም ጥቂት ነው። የለያቸው አየሩ የተሸከመው ብናኝ ብቻ ነው።

ይህ ውጤት ለኢትዮጵያ ደጋ አንባቢ ቅርብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ከቤልአልፕም ይበልጣሉ። የደጋ አየር ንጹሕ ነው የሚባለው እውነትነት ቢኖረውም፣ የቲንዳል ሙከራ እንደሚያሳየው በጤፍ ውቂያ ወቅት ከአውድማ አጠገብ ያለ አየርና ዝናብ ካጠበው በኋላ ያለ አየር አንድ አይደሉም። የአየርን ንጽሕና የሚወስነው ከፍታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ነገር ነው። የኮምፕሬሰር አየር መሳቢያ ከአቧራ፣ ከጭድና ከመኪና ጢስ ርቆ እንዲቀመጥ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ከፍታ ሁለት ሌሎች ችግሮችንም ያመጣል። አንደኛው ስለ ማፍላት ነው። በ2500 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በባሕር ወለል አቅራቢያ ለቲንዳል እምቢ ያለው ስፖር በቢቸና ወይም በሞጣ ፍል ውኃ ይበልጥ አይሞትም። አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ወለል የግፊት መለኪያው 1 ባር ያህል ማሳየት ሲበቃው፣ በዚህ ከፍታ 1.3 ባር ገደማ ማሳየት አለበት። ስለዚህ በደጋ አገር መታመን ያለበት የግፊት መለኪያው ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ማመቅ ነው። በባሕር ወለል ኮምፕሬሰር አየርን ከውጭው ግፊት በላይ ወደ 7 ባር ሲያምቅ በአንድ ሜትር ኩብ የሚገኘው ብናኝ 8 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ አየሩ ሲጨመቅ ብናኙም አብሮ ይጨመቃልና። የውጭው አየር ስስ በሆነበት በ2500 ሜትር ወደዚያው ግፊት ለመድረስ 10 እጥፍ ያህል መጨመቅ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ያው ኮምፕሬሰር በአንድ ዙር የሚስበው አየር በክብደት ያንሳል። የክፍሉን አየር አምቀው ኦክስጅንን ለሕሙማን የሚለዩ መሣሪያዎችም ለዚህ ሕግ ተገዢ ናቸው።

ከቲንዳል እስከ መድኃኒት ፋብሪካ

የመድኃኒት ፋብሪካ የታመቀ አየርን ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል። ዱቄት ያደርቃል፣ እንክብልን የሚሸፍነውን ፈሳሽ ይረጫል፣ ጠርሙስ ነፍቶ ያጸዳል፣ ቫልቮችን ይከፍታል ይዘጋል። አየሩ መድኃኒቱን የሚነካ ከሆነ የመድኃኒቱ አካል እንደመሆን ይቆጠራል። የታመቀ አየር ንጽሕና ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኢሶ 8573 አየሩን በሦስት ዋና ዋና በካዮች ይመዝነዋል፤ እነሱም ብናኝ፣ ውኃና ዘይት ናቸው። የተሕዋስያን ምርመራ ደግሞ በተለየ ክፍል ተቀምጧል።

ከቲንዳል የጥጥ ማጣሪያ እስከ ዛሬ ያለው መንገድ ቀጥተኛ ነው። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በትላልቅ ጋኖች ሲመረት ሻጋታው ብዙ አየር ይፈልግ ነበር። በጋኑ ውስጥ አንድ እንግዳ ባክቴሪያ ከገባ ምርቱ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ የታመቀው አየር በጥጥ ወይም በመስተዋት ክር በተሞላ ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ቲንዳል በቱቦው ያየው ሻጋታና አየር ያጣራበት ጥጥ በእንዲህ ያለ ሥራ ተገናኙ። ዛሬ ለዚህ አገልግሎት ውኃ የማያርሰው፣ የቀዳዳው መጠን 0.2 ማይክሮሜትር ያህል የሆነ ስስ የማጣሪያ ሽፋን ይውላል።

መለኪያውም የእሱው ነው። ብናኝ ቆጣሪ የሚባለው መሣሪያ አየሩን በሌዘር ጨረር መካከል ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ ብናኝ የሚበትነውን ብርሃን ይቆጥራል። በዚህ ቆጠራ መሠረት ንጽሕና በሚጠይቀው የመርፌ መድኃኒት መሙያ ሥፍራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3520 መብለጥ የለባቸውም።

ነገር ግን ብርሃን ሕያውን ከሙት አይለይም፤ የዘይት ተንንም አያሳይም። ስለዚህ ፋብሪካው አየሩን በምግብ ባለው ሳሕን ላይ አሳርፎ ተሕዋስያን ይበቅሉ እንደሆነ ይጠብቃል፤ ዘይትንም በሌላ ዘዴ ይፈትሻል። የቲንዳል ብርሃንና መረቅ ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የዘመኑ ሊቃውንት ለአየር ከሚገባው በላይ ጥፋት ሰጥተው ነበር። ሊስተር በቀዶ ሕክምና ክፍል ይረጨው የነበረውን ካርቦሊክ አሲድ በኋላ ተወ፤ ቁስልን ይበልጥ የሚበክሉት ያልጸዱ እጆችና መሣሪያዎች መሆናቸው ታውቆ ነበርና። ቲንዳል ያሳየው የብክለት ምንጭ ከውጭ መሆኑን እንጂ መንገዱ አየር ብቻ መሆኑን አይደለም።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ቲንዳል በ1876 ሉዊዛ ሃሚልተንን አገባ። ሉዊዛ በሥራውም በጉዞውም ረዳቱ ነበረች። ስለ አየር ብናኝ ያደረጋቸውን ጥናቶች በ1881 በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመ። ጡረታ ከወጣ በኋላ በሂንድሄድ ኖረ፤ ጤናው ታውኮ፣ እንቅልፍም አጥቶ ነበር። ለእንቅልፍ ክሎራል ሃይድሬት፣ ለሆዱ ደግሞ ማግኒዢያ ይወስድ ነበር። በዲሴምበር 4 ቀን 1893 ጠዋት ሉዊዛ ማግኒዢያ የሰጠችው መስሏት ብዙ መጠን ያለው ክሎራል አጠጣችው። ስሕተቱ ወዲያው ቢታወቅም፣ ሐኪሞች ቢደክሙም፣ በዚያው ቀን ሞተ። መድኃኒቱ ንጹሕ ነበር፤ የተሳተው ጠርሙሱ ነው።

ሉዊዛ እስከ 1940 ኖረች። የባሏን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች ስትሰበስብ ብትቆይም የሕይወት ታሪኩን ሳትፈጽም አረፈች፤ መጽሐፉ በሌሎች ተጠናቆ በ1945 ወጣ።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው ቲንዳል ተራራና በአየርላንድ ኮርክ ያለው ቲንዳል ብሔራዊ ተቋም በስሙ ተሰይመዋል።